ሶኬቱን አትንቀሉት

ባለፈው ሰሞን መቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ካለ አንድ ባንክ ወረፋ ይዤ ቆሜ ነበር። በር ላይ እጃችንን ታጥበን፣ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን፣ አንዳችን ከአንዳችን ፈንጠር ብለን በጎሪጥ እየተያየን ነው የቆምነው። ድሮ የሚያስፈራን ፊቱን ሸፍኖ የሚመጣ ሰው ነበር፤ ዘንድሮ ሳይሸፍን የሚመጣውን መፍራት ጀመርን። ከጥንትም ሰው ለማላምነው ለእኔ ዘመኑ ተመችቶኛል ማለት ይቻላል። ተራዬ ሊደርስ ሲል ገንዘብ ከፋይዋ ፊት ያለው ኮምፒውተር ቀጥ አለ። ሰማያዊ ሆነና ነጭ ፊደል አወረደ፤ ከሥሩ አንድ ቁጥር ቀስ እያለ ይጨምራል። ልጅቷ «ሲስተም ሄደ» አለች። የባንኩ ጥበቃ እንደ ልማዱ ዱላውን ግድግዳ አስደግፎ ሶኬቱን ሊነቅል ጎንበስ አለ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ «አትንቀለው! ተወው ይጨርስ!» ብዬ ጮህኩ። ወረፋው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጥበቃው ቀና አለና፣ «አባት፣ እርስዎ ስለሱ ምን ያውቃሉ?» አለኝ። ከጭንብሉ በላይ ሁለት ዓይን ብቻ ነው የሚታየኝ። ያን አስተያየት ግን አውቀዋለሁ። ሃያ ዓመት ሳያልፈው አይቀርም፣ በዚችው ከተማ፣ በዚያው ዓይን ታይቻለሁ፤ ያኔም ነገሩ የቆመ ኮምፒውተርና የተነቀለ ሶኬት ነበር።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ደምሴ ይሉኛል። አባቴ እህል ነጋዴ ነበር። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር» ሳይል ማዕድ አይቀርብም፤ የቀረበው ገንፎ ባይሆንም ይላታል። የሚሰጡትን ሁሉ አሽትቶ ነው የሚቀምሰው፣ የእናቴን ወጥ ሳይቀር። እናቴ መጀመሪያ ታለቅስ ነበር አሉ፤ ኋላ ግን ለምዳው ራሷ ሰሃኑን ወደ አፍንጫው ታስጠጋለት ጀመር። እኔም ይህን ወርሼ፣ ሻይ ቢሰጡኝ ሳላሸት አልጠጣም። ሚስት ሳላገባ ፀጉሬ መሸበት የጀመረውም በዚሁ ጠባይ ነው፤ የማያት ሴት ሁሉ አንድ የደበቀችው ነገር ያለ ይመስለኛል። መቀሌ ያመጣኝ ጋዜጣ ላይ የወጣ ማስታወቂያ ነው፤ አንድ የግል ማሠልጠኛ ኮሌጅ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል ይላል። ማስታወቂያውንም አላመንኩት፤ ደውዬ አጣርቼ፣ አጣሪውንም አጣርቼ ነው አውቶቡስ የተሳፈርኩት።

የዚያን ጊዜዋ መቀሌ ከዛሬዋ ጋር የሚያገናኛት ስሟና ነፋሷ ነው። ባጃጅ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ከተማው የጋሪ ነበር። ፈረሱ አንገቱ ላይ ቃጭል፣ ግንባሩ ላይ ቀይ የክር ጉንጉን አስረውለት፣ ከሮማናት አደባባይ ተነስቶ በስሙኒ የፈለግህበት ያደርስሃል። ሻይ ስሙኒ ነበር፤ ማኪያቶ አንድ ብር የገባ ጊዜ ከተማው ሁሉ ሻይ ጠጪ ሆነ። እኛ የቢሮ ሠራተኞች ትከሻው ላይ ስፖንጅ ያለው ኮት፣ ሰፊ ሱሪና ነጭ ካልሲ ነበር የምንለብሰው፤ ዛሬ ፎቶውን ሳየው ልብስ የተዋሰ ሰው እመስላለሁ። ወጣቱ የላስቲክ ሺዳ ጫማውን ከጂንስ ጋር አድርጎ ከእኛ የበለጠ ያምርበት ነበር። ቤት የተከራየሁት ዓይደር ነው። ዛሬ በሆስፒታሉና በፋርማሲው ብዛት መቆሚያ የሌለው ዓይደር ያኔ ድንጋይና አቧራ ነበር፤ መስኮት ከፍተህ ከዋልክ ማታ አልጋህን መጥረግ አለብህ። ውሃ ከዓይናለም ጉድጓዶች በፈረቃ ነው የሚመጣው። የኛ ግቢ ፈረቃ ሲደርስ እኔ ቢሮ ስለምውል፣ አከራዬ ቧንቧውን ከውስጥ እየዘጋ የሚያስጠማኝ ይመስለኝ ነበር። ያን ዓመት ደግሞ አንድ የክራር ዘፈን ነበር፤ ከየካሴት ቤቱ፣ ከየሻይ ቤቱ እሱ ብቻ ነው የሚሰማው። ትግርኛ ገና አላውቅም፤ ሻይ ቤት ስገባ ልጆቹ እያዩኝ ሲያዜሙት እኔን የሚነካ ነገር ያለበት መስሎኝ ቆሽቴ ያርር ነበር። ኋላ ትርጉሙን ስጠይቅ ስለ ዝናብ ነው አሉኝ።

ኮሌጁ ሁለት የድንጋይ ሕንፃ ነበር፣ ታችኛውና ላይኛው እየተባለ የሚጠራ። በታችኛው አንድ ክፍል ውስጥ ዩኒክስ የሚባለው ሥርዓት የሚሠራበት ትልቅ ማሽን ተቀምጧል፤ ከየቢሮው ማያና ኪቦርድ ብቻ ያላቸው ተርሚናሎች በገመድ ወደሱ ይመጣሉ። የተማሪ ስም፣ የትምህርት ውጤት፣ ሁሉም እሱ ሆድ ውስጥ ነው። የማሽኑ ጠባቂ እኔ ነበርኩ። ዲናችን ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ከረባቱ የማይላላ ሰው ነበር። አንድ ጊዜ ዱባይ ደርሶ ሲመለስ፣ ሁለቱን ሕንፃዎች በፈጣን መስመር የሚያገናኝ የኔትዎርክ ካርድ በእጁ ይዞ መጣ። «ይህን የመሰለ አዲስ አበባም የለም» አለን። ከዲስኬቱ ሾፌሩን ጫንኩለት፤ ሾፌር የሚሉት ካርዱን ከማሽኑ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም ነው። የካርዱን ባዶ ካርቶን ዲኑ ቢሮው ውስጥ ባለው የመስታወት ቁምሳጥን፣ ከስፖርት ዋንጫዎቹ ጎን አስቀመጠው። እንግዳ ሲመጣ ከዋንጫዎቹ በፊት እሱን ነበር የሚያሳየው።

ሬጅስትራሯ አደይ ለተይ ነበረች። አደይ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው፤ የአገሩ ሰው ትልቅ ሴት በዚህ ነው የሚጠራው። ፀጉሯን በአገሩ ሹሩባ ተሠርታ፣ ነጭ ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ ከሁሉ ቀድማ ትገባለች። አንዳንድ ቀን ሕምባሻ የሚሉትን ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ታመጣልኝ ነበር። «አንተ የሰው አገር ሰው፣ ማን ያበላሃል» ትለኛለች። እኔ ግን መጀመሪያ አሸተዋለሁ፤ ቀጥሎም ለምን እንዳመጣችልኝ ስመረምር ሕምባሻው ይደርቃል። እሷ ይህን እያየች ትስቃለች።

ካርዱ ከገባ ጥቂት ወራት በኋላ፣ የፈተና ውጤት የሚወጣበት ሳምንት ላይ፣ ማሽኑ ሞተ። መብራት ሳይጠፋ ሁሉም ተርሚናል ባለበት ደረቀ። እኔ ምሳ ወጥቼ ነበር። ተመልሼ አስነሳሁት። ሌላ ቀን ደግሞ ሞተ፤ ያኔም ምሳ ላይ ነበርኩ። ሲደጋገም ሰው መንሾካሾክ ጀመረ። እኔ ስገባ ወሬ ይቋረጣል፤ የሻይ ሰዓት ወንበሬ ግራና ቀኝ ባዶ ይሆናል። በመጨረሻ ዲኑ ጠራኝና በር ዘጋ።

«አቶ ደምሴ፣ አንተ ስትኖር አይሞትም። ስትወጣ ይሞታል። ውጤት ሲወጣ ይሞታል። ይህን እንዴት ልተርጉመው?»

«እኔም እሱን እያጣራሁ ነው» አልኩ።

«የተማሪ ውጤት እየነካካህ፣ እንዳይታወቅብህ ማሽኑን ትገድለዋለህ እየተባለ ነው። እኔ አላልኩም፤ ይባላል። ሴሚስተሩ ሳያልቅ ምክንያቱን አምጣ። አለዚያ እንለያያለን፤ ለምን እንደተለያየንም የሚጠይቀኝ ካለ እናገራለሁ።»

ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ከተማው ትንሽ ነው፤ ኮምፒውተር የሚያውቀው ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። ውጤት ለዋጭ የሚል ስም ይዤ መቀሌ ሥራ አላገኝም፤ ደሴም ከእኔ ቀድሞ ወሬው ይደርሳል። የሚያሳዝነው ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስጠረጥር ኖሬ፣ ሲጠረጥሩኝ ምን እንደሚደረግ አለማወቄ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ተጠርጣሪው ምን እንደሚሆን ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። የእንዲህ ዓይነቱ ማሽን እምብርት ከርነል ይባላል። ማሽኑ በሥራ ላይ ያለውን ከሚይዝበት ሚሞሪ ማን የትኛውን ቦታ እንደሚይዝ የሚያከፋፍለው፣ ሁሉን የሚያዘው እሱ ነው። ከርነሉ ራሱ ግራ ሲጋባ የሰው ፋይል ከማበላሸት መሞትን ይመርጣል። ከመሞቱ በፊት ግን በዚያች ቅጽበት ሚሞሪው ላይ የነበረውን ሁሉ፣ ማን ገብቶ እንደነበር፣ ምን እየተሠራ እንደነበር፣ ዲስኩ ላይ ለዚሁ ወደተተወለት ቦታ ይገለብጣል። ሰው ሲሞት፣ ዘመድ ሳይደርስ የሟችን ሳጥን ቆልፎ ቁልፉን የሚይዝ ታማኝ ጎረቤት እንዳለ ማለት ነው። ሲገለብጥ ማያው ላይ ነጥብ በነጥብ ይደረድራል፤ ሲጨርስ አሁን ማጥፋት ይቻላል የሚል መስመር ያወጣል። ከዚያ በፊት መብራት ከተቋረጠበት ግን ሚሞሪ የያዘውን ሁሉ ይረሳል። ንጹሕ መሆኔን የሚመሰክርልኝ ያ ግልባጭ ብቻ ነበር። ማሽኑን ባስነሳሁ ቁጥር ቦታውን ስፈትሽ ግን የተቆረጠ፣ የማይነበብ ቁራጭ ነው የማገኘው። አንድ ሰው በመሐል ሶኬቱን ይነቅለዋል። ማን?

አንድ ቀን ምሳ የሄድኩ አስመስዬ፣ ከመንገዱ ማዶ ካለች ሻይ ቤት ቁንዶ በርበሬ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። የማሽኑ ክፍል መስኮት ከዚያ ይታያል። ብዙም ሳልቆይ ግቢው ውስጥ ግርግር ሆነ፤ ማሽኑ መሞቱ ነው። ወዲያው በመስኮቱ ነጭ ነጠላ አየሁ። ጎንበስ አለ፣ ተነሳ፣ ሄደ። አደይ ለተይ ነበረች። ያን ሁሉ ሕምባሻ አሰብኩት። አባቴ ቢኖር «አላልኩህም?» ይለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ዲኑ የሚሞሪውን ነገር ሰምቶ ኖሮ፣ የሚያነብልን ገለልተኛ ሰው አገኘሁ ብሎ ንግሥቲን አመጣ። ንግሥቲ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ የጂንስ ጃኬት ለባሽ ነበረች። ገለልተኛ ያላት ደግሞ የገዛ ወንድሙን ልጅ ነው። ከሳሼም ዳኛዬም ከአንድ ቤት ሆኑ አልኩ በልቤ፤ ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ። እሷ ግን ገብታ ጃኬቷን ወንበር ላይ ሰቀለችና፣

«አቶ ደምሴ፣ ሳነብ እርስዎ አጠገቤ ይቀመጣሉ» አለችኝ።

«ለምን?»

«ያነበብኩትን እንዲያዩ። ያላዩትን ያምናሉ እንዴ?»

«ያየሁትንም አላምን።»

ሳቀች። ሳቋ አልጣመኝም፤ ማለቴ ጥሞኛል፣ ስለዚህ ጠረጠርኩት። የተቆራረጠውን ሚሞሪ አሳየኋት። «ከዚህ ምንም አይነበብም፤ ማነው የሚነቅለው?» አለች። አውቃለሁ፤ ግን ለዲኑ ወንድም ልጅ ምኑን እነግራታለሁ? እሷም አልጫነችኝም። «ነቃዩን ያነጋግሩት፤ ምናልባት ምክንያት ይኖረዋል» ብላ ሄደች።

በማግስቱ አደይ ለተይ ቢሮ ገባሁ። ገና ሳልቀመጥ፣ «ወደይ፣ ሰሞኑን ፊትህ ጠቁሯል» አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልቻልኩም።

«ሶኬቱን ለምንድን ነው የሚነቅሉት?»

«ላንተ ብዬ ነዋ» አለች፣ ደንገጥ ሳትል። «ፍሪጅ ነበረኝ፣ ልጄ ከሱዳን የላከልኝ። መብራት ሄዶ ሲመለስ አንድ ጊዜ ጓ አለና ጭሱ ከቤት አላስወጣን። ከዚያ ወዲህ የደረቀ ዕቃ ሳይ እጄ ሶኬት ላይ ነው። ይህ ማሽን ቀጥ ሲል ሊቃጠል ነው እላለሁ። ከተቃጠለ ደግሞ በማን ሊያላክኩ ነው? ባንተ። ዋይ ኣነ፣ እኔ እያለሁማ አይሆንም።»

እውነቷን ሊሆን ይችላል። በዚያ ዘመን መብራት ሲሄድ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ሻማ መፈለግ ሳይሆን ሶኬት መንቀል ነበር፤ መብራት ሲመለስ ተቆጥቶ ነው የሚመለሰው። ቴሌቪዥን ያለው ሰው ሠርግ ሲሄድ እንኳ ጎረቤቱን «አደራ ሶኬቱን» ብሎ ነው የሚወጣው። ግን ሊሆን ይችላል ሌላ፣ ነው ሌላ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ፍሪጁ አሁን የት ነው?» አልኳት። ትንሽ አየችኝና፣ «እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ና፣ ታየዋለህ» አለች።

ሄድኩ። ምሳ አቀረበችልኝ፤ አሽትቼ በላሁ። ከዚያ ጓዳ አስገባችኝ። ፍሪጁ ከግድግዳው ጥግ ቆሟል፤ ጀርባው እስከ ላይ ጠቁሯል። በሩን ከፈትኩት። ሽንኩርት፣ ድንች፣ አንድ ማሰሮ ሽሮ። እዚያው ጓዳ ውስጥ ቆሜ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ያላደረግሁትን አደረግሁ፤ ለአደይ ለተይ ሁሉንም ነገርኳት። ሚሞሪው እንዴት እንደሚያድነኝ፣ ነጥቦቹ እስኪያልቁ ማንም እንዳይነካው፣ የመጨረሻው መስመር ምን እንደሚል። ብትፈልግ በዚያች ቀን ልታጠፋኝ ትችል ነበር። «ኣጆኻ» አለችኝ፣ ትከሻዬን መታ አድርጋ፤ አይዞህ ማለቷ ነው።

ቀጣዩ ውጤት የሚወጣበት ቀን ሲደርስ እኔና ንግሥቲ ከሻይ ቤቷ ቁንዶ በርበሬ ዛፍ ሥር ነበርን። ማሽኑ እኔ ሳለሁ ስለማይሞት ሆን ብለን ወጥተን ነው። ሻይ አዘዘችልኝ፤ ሳሸተው አይታ፣ «ምን አለበት?» ብትለኝ፣ «እሱን ነው የማሸተው» አልኳት። ያን ጊዜ ግርግሩ ተነሳ። በመስኮቱ ነጩ ነጠላ ሮጦ ሲገባ አየሁ፤ ከኋላው ከረባት ተከተለ። ዲኑ ራሱ ነበር። ሻዩን ጥለን ሮጥን። ስንደርስ አደይ ለተይ ጀርባዋን ሶኬቱ ላይ አስደግፋ፣ ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘርግታ ቆማለች።

«አደይ ለተይ፣ ዞር በይ፣ ይቃጠላል!» ይላታል ዲኑ።

«ይቃጠል። እኔን አስነስተህ ነው የምትነቅለው።»

«አንቺ ነሽ ሁልጊዜ የምትነቅዪው፣ ዛሬ ምን ተገኘ? ምን እየደበቃችሁ ነው?»

ማያው ላይ ነጥቦቹ ይደረደራሉ። ዲኑ እኔን ያያል፣ እኔ ንግሥቲን አያለሁ፣ ንግሥቲ ነጥቦቹን ታያለች። እንደዚያ ቀን ነጥብ ሲያዘግም አይቼ አላውቅም። በመጨረሻ ያ መስመር ወጣ፤ አሁን ማጥፋት ይቻላል። አደይ ለተይ አነበበችው፣ ነጠላዋን ሰበሰበችና ራሷ ነቀለችው። «በቃ፣ ልማዴን ልፈጽም» አለች።

በማግስቱ ንግሥቲ ማሽኑ ፊት፣ እኔ አጠገቧ ተቀመጥን። የሞተውን ሚሞሪ ከፍታ ትጠይቀዋለች፣ እሱ ይመልሳል። በሞተባት ቅጽበት ማን ማን ገብቶ ነበር? የእኔ ስም የለም። ከውጭ የታዘዘ ነገር አለ? የለም። ትንፋሼ ተመለሰ። ከዚያ ምን እየተሠራ እንደነበር ጠየቀችው። የተማሪ ውጤት ወደ ላይኛው ሕንፃ እየተገለበጠ ነበር። ገልባጩ ማነው? ስሙ ወጣ። ለተይ።

«በቃ፣ ዝጊው» አልኳት። ንግሥቲ ግን አላቆመችም፤ ከርነሉ ሲሞት የትኛውን መንገድ ይዞ እንደነበር ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ወጣች። ከጫፉ ላይ የተቀመጠው የዱባዩ ካርድ ሾፌር ነበር። ብዙ ነገር ባንድ ጊዜ ሲገለበጥበት፣ ተጠቅሞ የመለሰውን የሚሞሪ ቦታ የራሱ መስሎት እንደገና ይጽፍበታል። ቁልፍ አስረክቦ የወጣ ተከራይ ተመልሶ አልጋው ላይ እንደመተኛት ነው፤ ቦታው አሁን የሌላ ነው። ከርነሉ ይህን ሲያይ ነው የሚሞተው።

«የአደይ ለተይን ስም አትጻፊው» አልኳት።

«ያለውን ነው የምጽፈው።»

«ያባርሯታል። ጡረታዋ ደርሷል።»

«ካርዱም ይጻፋል። ማን እንዳመጣውም ይጻፋል።»

ይህን አላመንኳትም። የለተይን ጽፋ የአጎቷን ትዘለዋለች ብዬ ነው ያደርኩት። እኔን ሊያድን የመጣ ሚሞሪ፣ ነጠላዋን የዘረጋችልኝን ሴት ሊያስበላ ነው ብዬ እህል አልወርድ አለኝ።

ዲኑ ቢሮ ተሰበሰብን። የንግሥቲን ሪፖርት ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። የእኔ ስም አለመኖሩን በቶሎ አለፈው። ለተይ የሚለው ላይ ሲደርስ ግን ቆመና መነጽሩን አወለቀ። «ስትገለብጪ የነበርሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ውጤቱ ላይኛው ሕንፃ መለጠፍ የለበትም እንዴ?»

«ለምን እሱ ምሳ ሲወጣ ብቻ?»

አደይ ለተይ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ፤ ከንፈሯ ላይ ፈገግታ አለ። «እሱ እያለማ ማን ያስገለብጠናል? ለማን ነው? ለምንድን ነው? ማን አዘዘ? እያለ ሲያጣራ ይመሻል። እሱ ምሳ ሲሄድ ነው እኛ የምንተነፍሰው።»

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። በሩ ላይ የቆመው የኮሌጁ ጥበቃ ሳይቀር ሳቀ። ማሽኑ እኔ በሌለሁበት ብቻ የሚሞትበትን ምስጢር በዚያች ደቂቃ ተረዳሁት፤ ፊቴ ቀላ። ዲኑም እየሳቀ ገጹን ገለበጠ። ከዚያ ሳቁን ተወ፣ ንባቡም ቆመ። ዓይኑ ብቻ ነው መስመሩ ላይ የሚሄደው። ንግሥቲ፣ «ሓወቦይ፣ ጮክ ብለው ይጨርሱት» አለች። ሓወቦይ የአባቴ ወንድም ማለት ነው፤ በሥራ ቦታ እንዲያ ስትጠራው የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ወደ መስታወቱ ቁምሳጥን አየ። ከዚያ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ካርዱንም፣ ከየት እንደመጣም፣ ማን እንዳመጣውም አንብቦ ጨረሰ። «ካርዱ ይውጣ» አለ። ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣውም። በማግስቱ ቁምሳጥኑን ሳየው ካርቶኑ የለም፤ አቧራው ላይ አራት ማዕዘን ቦታው ብቻ ቀርቷል።

ከስብሰባው እንደወጣን ከንግሥቲ ጋር ጋሪ ተሳፈርን። ልቤ ከደረቴ ወጥቶ ሊዘፍን ምንም አልቀረው፤ ካሴት ቤቶቹም ያን የዝናብ ዘፈን ይዘውታል። ሆኖም የአባቴ ልጅ ነኝና አንድ ነገር ከነከነኝ። «እኔ ሆኜ ብገኝስ ኖሮ?» አልኳት።

«እጽፈው ነበር» አለች፣ ፈረሱን እያየች።

«ምንም ሳይከብድሽ?»

«ይከብደኛል። ግን እጽፍህ ነበር።»

ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ያለችኝ እንዲህ ብላ ነው። ተናድጄ ጋሪውን አስቁሜ ወረድኩ። ብዙ ቀን አላናገርኳትም። በእነዚያ ቀናት የኮሌጁ ሰው ሁሉ አንድ በአንድ እየመጣ ይጨብጠኛል። «እኔ መቼም ተጠራጥሬህ አላውቅም» ይለኛል አስተማሪው። «እኔማ ምዬ ነበር» ይለኛል ጥበቃው። ዲኑ እንኳ ኮሪደር ላይ ይዞኝ፣ «ሌሎች ናቸው እንጂ እኔ አልጠረጠርኩህም» አለኝ። አንዳቸውንም አላመንኳቸውም። አልጋዬ ላይ ተንጋልዬ ስቆጥር፣ ካገኘኋቸው ሰዎች ሁሉ ያመንኩት ያቺን ጋሪ ላይ ፊት ለፊት «እጽፍህ ነበር» ያለችኝን ብቻ ሆኖ አገኘሁት። የደበቀችው ነገር የለም፤ የምትለው ሁሉ ውጭ ነው ያለው፣ ከጀርባው የምፈልገው ነገር የለም። ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ ስለሞቱ ሽማግሌዎቹን የተቀበለው አጎቷ ነበር፣ ያ ዲን። «ሰውየው ተጠራጣሪ ነው» አላቸው አሉ። ልታስተናግድ መጥታ የነበረችው አደይ ለተይ ከጓዳ ሆና፣ «ተጠራጣሪ ነው፤ ፍሪጄን ከፍቶ አይቷል። ካየ በኋላ ግን ያምናል፤ ሳያይ ከሚያምነው ይሻላል» አለች። እሷ ዛሬ የለችም፤ ነፍሷን ይማረው። ፍሪጁን ልጇ አልሸጠውም፤ አሁንም ሽንኩርት አለበት።

ወደ ባንኩ ልመለስ። ጥበቃው እያየኝ ሳለ ያ ቁጥር መቶ ሞላና ማሽኑ በራሱ ጊዜ ተነሳ። «መጣ» አለች ልጅቷ። ጥበቃው ዱላውን አነሳ፤ ከባንኩ እስክወጣ ግን ዓይኑን ከእኔ አላነሳም። ደህና ጥበቃ ነው፤ አልቀየምኩትም። የሚከብደኝ ሌላ ነው። ሰሞኑን ሰዉ ራዲዮውን ጆሮው ላይ አድርጎ ነው የሚውለው፤ ወሬው ክፉ ነው፤ ጦርነት ይነሳል ይባላል፣ እኔ ደግሞ የደሴ ሰው ነኝ። ሃያ ዓመት ሕምባሻ የተቀባበልን ጎረቤቶቼ፣ ሳልጠይቃቸው፣ «ጋሽ ደምሴ፣ አንተን እኮ ማንም አይጠረጥርህም፣ ያንተ ነገር ሌላ ነው» ይሉኛል። እንዲህ ሲሉኝ ነው ጀርባዬን የሚበርደኝ። ያን ቃል አውቀዋለሁ።

ቤት ስደርስ ንግሥቲ መነጽሯን አድርጋ የተማሪ ፈተና ታርማለች። ፀጉሯ አሁንም አጭር ነው፣ ነጭ ሆነ እንጂ። የባንኩን ነገርኳት፤ ሳቀች። የጎረቤቶቹንም ነገርኳት፤ አልሳቀችም። «አንቺስ?» አልኳት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እኔ ያንተን ነገር ከተጠራጠርኩ ለሌላ ሰው ሳልነግር ላንተ ነው የምነግርህ። እስካሁን አልነገርኩህም።» ከቴርሞሱ ሻይ ቀድታ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «በል ሳይቀዘቅዝ።»

ተቀብዬ ሳላሸት ጠጣሁት።